«ትራፊክ አለ» ያለው መብራት

ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ብዋሽ ምላሴን ይቁረጠው፣ ብጨምር ጣቴ ይድረቅ። አውቃለሁ፣ በመስመራችን ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ተያይተው ይስቃሉ፤ ቅጽል ስሜ «ጨምርበት» ነዋ። አንድ ኪሎ ወሬ ተቀብሎ አምስት ኪሎ አድርጎ ይመልሳል ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን። የኋላ ጎማችን ወልቆ በሄደ ቀን «ጎማው ከእኛ ቀድሞ መናኸሪያ ገብቶ፣ ተራ ይዞ ጠበቀን» ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። አንድ ተሳፋሪ አስነጥሶ መስኮቱን ከነፍሬሙ አወጣው ያልኩትም እኔው ነኝ።

ግን ሰው ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ ኖሮ አንድ ቀን እውነት ይዞ ቢመጣ፣ ያንን እውነት ከእጁ ነጥቆ «ውሸት ነው ብለህ ፈርም» ማሰኘት ምን የሚሉት ግፍ ነው? የተናደድኩት ለዚህ ነው። የምጽፈውም ለዚህ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ነው የተውኩት፤ ፊደል ብስት ፊደሉን ተቆጡት፣ ነገሩን ግን እመኑ።

እኔ የሚኒባስ ረዳት ነኝ። ሾፌሩ የታላቅ እህቴ ባል ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቶ አንድ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ውሸት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እህቴ «አረጀሁ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው «ትንሽ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው፤ ያን ቀን ራቱን ራሱ አሙቆ በላ። እንዲህ ያለ ሰው ጎን እንደ እኔ ያለ ሰው መቀመጡ የፈጣሪ ቀልድ ነው።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ፀሐይ ገብታ ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከገበያው ወደ ላይኛው ሰፈር እንወጣለን። መኪናችን የሚጭነው አሥራ ሁለት ሰው ነው። ጋሼ ለቤት ዳቦ ሊገዛ ወረድ ባለበት ቅጽበት እኔ ሁለት ትርፍ ሰው አስገብቼ ነበር። በመስታወቱ አየና የእነዚህ ሰዎች ወንበር የት እንዳለ ጠየቀኝ። ተቃቅፈው ስለተቀመጡ እንደ አንድ ይቆጠሩ አልኩት። አልሳቀም። ዳገቱ አልቆ ሜዳ ላይ ስንደርስ ይወርዳሉ ብሎ ፈረደ።

ዳገቱን ስንጀምር ከኮረብታው አናት ላይ ረጅም መብራቱን የለቀቀ ነገር ብቅ አለ። ጋሼ የጭነት መኪና መሰለው። የራሱን መብራት አንዴ ብልጭ አድርጎ «አውርድ» አለው። የመንገድ ደንብ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ዓይንህን ሲወጋህ እንዲህ ታደርጋለህ፣ እሱም ያወርዳል። አወረደም። መብራቱ ደብዘዝ አለ። ላወረደልህ ደግሞ ሁለቴ ብልጭ አድርገህ ታመሰግናለህ። ጋሼ አመሰገነ። መብራቱ ሁለቴ ብልጭ ብሎ ሰላምታውን መለሰ።

እስከዚህ ድረስ ምን አለበት? ጉዱ የመጣው መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ነው። እኛ ታጠፍን፣ እሱ አልታጠፈም። መንገድ በሌለበት፣ ከዛፎቹ በላይ፣ ምሰሶ ሳይኖረው ጎማ ሳይኖረው ሰማይ ላይ ተገትሮ ቀረ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ጨረቃ ናት» አለ። ጎኑ የተቀመጠችው ሴትዮ ጨረቃዋን በሌላኛው መስኮት አሳየችው።

ከዚያ መብራቱ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ በራ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ። ይህን ተሳፋሪ አያውቀውም። የመስመር ሾፌር ሁሉ ግን ከመንጃ ፈቃዱ በፊት የሚማረው ነው፤ «ከፊትህ ትራፊክ ቆሟል» ማለት ነው።

ጋሼ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

«ትራፊክ አለ አለኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን?» አልኩት።

«እሱ» አለና በአገጩ ወደ ሰማይ ጠቆመ።

እንግዲህ ሰማይ ሲመክርህ አትከራከርም። ጋሼ ሲያቆም በሩን ከፍቼ ሁለቱን ትርፎች አወረድኳቸው፣ የፊቱን ኩርባ በእግራችሁ ዙሩና ወዲያ ማዶ እናነሳችኋለን አልኳቸው። ቀበቶ አሳሰርኩ፣ የተዘረጋውን እግር አሰበሰብኩ። ኩርባውን ስንዞር፣ ብዋሽ ዓይኖቼ ይጥፉ፣ ሞተር ሳይክሉን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቆ ትራፊክ ፖሊሱ ቆሟል።

አስቆመን። በሩን ከፍቶ ሰው ቆጠረ። አሥራ ሁለት። ደግሞ ቆጠረ። አሥራ ሁለት። እቃው የተሰረቀበት ሰው መሰለ፤ እኔን ያውቀኛላ። ከመናኸሪያ እስከዚህ እንዲህ ጨዋ ሆነን መጥተን እንደማናውቅ፣ አንድ የነገረን ሰው ሳይኖር እንደማይቀር ተናገረ። እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ ጨዋ እንደሆንን ልነግረው አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደመኝ።

«መብራቱ ነው የነገረኝ» አለና ወደ ኮረብታው አሳየው።

መብራቱ የለም። ጠፍቷል። ትራፊኩ ጋሼን ያውቀዋል፣ እንደማይዋሽ ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሳይስቅ ደብተሩን አውጥቶ የጻፈው። ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደነበር፣ በየት በኩል፣ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለ። ጋሼ አንዲት ሳያስቀር ነገረው፣ የሁለቱን ትርፍ ሰዎች ነገር ጭምር። ትራፊኩ ለትርፉ መቅጣት እስኪረሳ ድረስ ነው የደነገጠው።

በአራተኛው ቀን ሁለት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ከኮረብታው ጀርባ ካለው የጦር ካምፕ ነው። «በሰማይ ላይ ታየ ስለተባለው መብራት ማብራሪያ ለመስጠት» ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሾፌሩና ረዳቱ ከነተሽከርካሪያቸው እንዲቀርቡ ይላል። ጋሼ ሸሚዙን አስተኮሰ። መንግሥት እውነት ሲጠይቀው ደስ የሚለው ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

የካምፑ በር ላይ አንድ ወጣት ወታደር ቆሟል። በሩን ከፈተልንና መኪናችንን ከግንቡ ሥር ለማስቆም የኋሊት ይመራን ጀመር። «ግራ ስበር፣ ስበር፣ መልስ፣ ና ና ና፣ በቃ!» ብሎ የመኪናውን ጎን ሁለቴ በመዳፉ ደበደበ። ይህ ልጅ የእኛ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ወታደር እንዲህ አይልም።

የገባንበት ክፍል ጠባብ ነው። የብረት ጠረጴዛ፣ በላዩ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ለእኔ የደረሰኝ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ካርቶን ታጥፎ ተደርጎለታል። ጥግ ላይ አንድ ጸሐፊ ወታደር በሁለት ጣት ኮምፒውተር ይደበድባል። የሚጠይቀን ሻለቃ ወፍራም፣ ትሑት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ነው መሸሽ።

መጀመሪያ ጋሼን ደክሞት እንደነበረ ጠየቀው። አልደከመኝም አለ። ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቀው። ሻይ ጠጥቻለሁ አለ፣ የስኳሩን ልክ ሳይቀር ተናገረ። ከዚያ ሻለቃው ፈገግ ብሎ፣ በዚያ ወቅት ሲመሽ በዚያ አቅጣጫ አንድ ደማቅ ኮከብ እንደሚታይ በትዕግሥት አስረዳን።

«ኮከብ አውርድ ሲሉት አያወርድም» አለ ጋሼ።

ጸሐፊው ጣቱን አቆመ። ሻለቃው ይህ እንዳይጻፍ በእጁ ምልክት ሰጠው። አያችሁ? የተጠራነው ለማብራሪያ ነው፤ ሰውየው ሲያብራራ ግን አትጻፍ ይባላል። አውሮፕላን ነው፣ ጭነት መኪና ነው፣ የእረኛ እሳት ነው፤ አንድ በአንድ እያነሳ ጋሼ አንድ በአንድ መለሰለት። በስተመጨረሻ ሻለቃው ወደ ዓይን ዞረ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል? ጋሼ ሰዓቱን ነገረው፣ አሥር ደቂቃ እንደሚቀድምም ጨመረለት። መስታወቱ ሥር ያለው የቀን መቁጠሪያ ምን ይላል? ወሩን አነበበ፣ የማተሚያ ቤቱን የስልክ ቁጥር አነበበ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እዚያው ከተቀመጠበት ሻለቃው ፊት ያለውን ወረቀት በተገለበጠው ፊደል ማንበብ ጀመረ።

«ማጠቃለያ። የምስክሩ የማየት ችሎታ ደካማ በመሆኑ፣ ያየው የተለመደ ኮከብ መሆኑ ተረጋግጧል። ግልባጭ ለመንጃ ፈቃድ ክፍል።»

ወረቀቱ የታተመው እኛ ሳንገባ ነው። ቀኑ የትናንት ነው። በደካማ ዓይኑ፣ ተገልብጦ፣ ከአንድ ሜትር ላይ አነበበው እኮ! እዚያው ክፍል ውስጥ የምጮህ መስሎኝ ነበር፤ ወንበሬ ከካርቶኑ ላይ ወርዶ ወደ ጎን ስላጋደለኝ ዝም አልኩ። ሻለቃው ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነና ይህ ረቂቅ ብቻ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተን እንድንፈርም ነገረን። ካልፈረመ ነገሩ እስኪጣራ መኪናው በግቢው ውስጥ ሊቆይ እንደሚችልም በዚያው በትሑት ድምፁ ጨመረ።

ነገሩን ተረዱልኝ። ከፈረመ ዓይነ ደካማ ነው፣ ደብዳቤው መንጃ ፈቃድ ክፍል ይገባል፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ያልቃል። ካልፈረመ መኪናው ይታሰራል። ጋሼ ሌላ ሥራ አያውቅም። መሪ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ ሰው ነው።

ስንወጣ ጋሼ በሩ ላይ ባለው መዝገብ ስሙን ሊሞላ ጎንበስ አለ። ያ ወጣት ወታደር ወደ እኔ ተጠጋ። ወደ ሌላ ቦታ እያየ ነው የተናገረው።

«ያን ቀን ትራፊኩ ቀጣችሁ እንዴ?»

«አልቀጣንም» አልኩት።

«ተመስገን» አለ።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ወታደር ከመሆኑ በፊት ስድስት ዓመት ሚኒባስ ነድቷል። በፊኛ ተንጠልጥሎ፣ በገመድ ተይዞ ወደ ላይ የሚወጣ አዲስ መብራት አላቸው፤ ያን ምሽት መብራቱ ሲሞከር ማብሪያና ማጥፊያው እሱ እጅ ነበር። ከኮረብታው አናት ላይ መንገዱ እንደ መዳፍ ይታያል። ሾፌር «አውርድ» ሲለው እጁ ራሱ አወረደው። ሲያመሰግነው እጁ ራሱ መለሰ። ከዚያ ቁጥቋጦው ውስጥ ያለውን ሞተር ሳይክል አየ፣ እጁም ዝም አላለም። ይህ ከታወቀ እስር ቤት ነው የሚገባው፤ ሚስቱ ደግሞ ልትወልድ ሳምንት ቀርቷታል።

ለሾፌሩ ልንገረው ወይ ስለው ፊቱ አመድ መሰለ። ስለ ጋሼ ጠባይ ግቢው ሁሉ ሰምቷል ለካ። እውነቱን ነው። ብነግረው በሚቀጥለው ሳምንት ሻለቃው ሲጠይቀው የወታደሩን ቁመት ሳይቀር ይናገራል። ስለዚህ በዕድሜዬ ከያዝኩት ወሬ ሁሉ ትልቁን፣ አንድ ግራም ሳልጨምርበት፣ ዋጥኩት። ሆዴ ተነፋ።

ያ ሳምንት በእህቴ ቤት የዓይን ሳምንት ነበር። ጋሼ ከመኝታ ቤት ሆኖ ሳሎን ያለውን የክብሪት ጽሑፍ ያነባል። ልጆቹ ከበር ማዶ ጣት ያወጡለታል፣ እሱ ይቆጥራል፣ አንዴም አልሳተም። እህቴ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ጠርታኝ እንዲፈርም እንዳግባባው ለመነችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳቧን ለውጣ እንዳይፈርም እንዳግባባው ለመነችኝ። የትኛው እንደሚሻል እሷም አላወቀችም። ጋሼ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፦ አይቻለሁ፣ አላየሁም ብዬ አልፈርምም።

በቀጠሮው ቀን በሩ ላይ ለዚያ ወታደር አንድ ነገር ለመንኩት። ከገባን ከአሥር ደቂቃ በኋላ መኪናችሁ መንገድ ዘጋ ብሎ ሾፌሩን እንዲያስወጣልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እንዳልነውም ሆነ። ሻለቃው ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶ ሲያቀብል ወታደሩ በሩን አንኳክቶ ገባ፣ የውሃ ቦቴ መውጣት እንዳልቻለ ተናገረ። ጋሼ ተነሳ። ከመኪና የሚበልጥበት ወረቀት የለም። በሩ ሲዘጋ እኔ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ።

«ጌታዬ፣ መብራት የሚባል ነገር አልነበረም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ሻለቃው አየኝ። «ሾፌሩ በዓይኔ አየሁ ብሏል።»

«እሱ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ደህና ሾፌር ሰማይ አያይም። አየሁ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ደግሞ የሰማውን ሁሉ ያምናል። ሞኝ ነው፣ ይቅር በሉት።»

«ትራፊኩስ? ትራፊክ እንዳለ በምን አወቅህ?»

«እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ይደበቃል። መስመሩ በሙሉ ያውቃል፤ መታወቁን የማያውቀው ራሱ ትራፊኩ ብቻ ነው።»

ጸሐፊው ወታደር ሳል መሰል ነገር አወጣ። ሻለቃው ግን አልሳቀም። ወንበሩን ሳብ አደረገና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ውሸታም ለመሆኔ ማስረጃ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። እስቲ ፍረዱ! እውነት ይዘን ስንመጣ ማስረጃ የጠየቀን የለም፤ ወረቀቱ ቀድሞ ታትሞ ጠበቀን። ውሸት ይዤ ስመጣ ግን ማጣራት ተጀመረ፣ ምስክር ተፈለገ። ምርመራ ማለት ይህ ከሆነ መጀመሪያውኑ እኔን ለብቻዬ በጠራችሁኝ።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ማስረጃ አቀረብኩ። አንድ ጊዜ ነዳጅ አልቆብን ተሳፋሪዎቹ ተራ በተራ እየተነፈሱ ሞተሩን አስነሱት አልኩ። ዳገቱ ላይ ቀንድ አውጣ በቀኝ በኩል ቀድሞን አልፎ፣ ትራፊኩ ቀንድ አውጣውን በፍጥነት ከሰሰው አልኩ። ጸሐፊው ፊቱን ከኮምፒውተሩ ኋላ ደበቀ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሻለቃው ስልክ አነሳና ትራፊክ ፖሊሱ ጋ ደወለ። የረዳቱን ጠባይ ጠየቀው። ሳቁ ከስልኩ ውስጥ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። «ጨምርበት? ጌታዬ፣ እሱ ሰላም አደርኩ ቢልዎት እንኳ ሐኪም ይጥሩለት» ነው ያለው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መልካም ምስክር መስክሮልኝ የሚያውቅ የለም።

የጋሼ ወረቀት አራት ቦታ ተቀደደ። በምትኩ አዲስ ተጻፈ፦ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ሲነዳ ስለነበር ያየው ነገር የለም፤ ረዳቱ በልማዱ የፈጠረውን ወሬ አምኖ ተናገረ፤ ረዳቱ ዋሽቻለሁ ብሎ አምኗል። ግልባጭ ለመናኸሪያው። ሻለቃው እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ ቀና ብሎ አየኝ፤ መብራቱ የማን እንደሆነ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቅ ዓይኑ ላይ ነበር። ሁለታችንም እያወቅን እኔ ፈረምኩ። ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ።

ስወጣ ጋሼ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ መስታወቱን አስተካከለ።

«ፈረምክ?» አለኝ።

«ፈረምኩ።»

«ምን ብለህ?»

«ዋሸሁ ብዬ።»

ማርሽ ቀየረ። «ዋሽተህ ነበር?»

«አይ።»

«እንግዲያው የዋሸኸው አሁን ነው» አለ።

መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነው። ዛሬም ይነዳል፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣል፣ ዳቦ ይዞ ይገባል። የኔ ስም ደግሞ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ «ሐሰተኛ ወሬ በመንዛት» ለሦስት ወር ከረዳትነት ታግጃለሁ። ሰው እየመጣ ያነበዋል፣ «በመጨረሻ ሰርተፍኬት አገኘ» ይላል። ይሁን፣ ይህን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ጋሼ ተሳፋሪ በጠየቀው ቁጥር አሁንም «አይቻለሁ፣ አውርድ ብዬው አወረደ» ይላል። ሰዎቹ ደግሞ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፦ ምስኪን፣ ደህና ሰው ነበር፣ ያ ጨምርበት አበላሸው። ሃያ ሁለት ዓመት ያልዋሸ ሰው! እኔ ድሮም የሚያምነኝ አልነበረም፤ እሱ ግን የሚታመነውን ስሙን አጣ፣ ያውም በኔ ፊርማ። ሻለቃው አንድ ቀን ጠርቶት «መብራት ነበር፣ የእኛ ነበር፣ ዓይንህም ደህና ነው» ቢለው ምን ይጎድልበታል? የመብራቱ ገመድ አይበጠስበት። እህቴ በበኩሏ ያደረግኩትን ገምታለች መሰለኝ፣ አትጠይቀኝም፤ ሳህኔ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ትጨምራለች።

እንግዲህ ጨረስኩ። ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንዲት ነገር በቀር። አንዲት ብቻ ፈጥሬአለሁ። መብራቱን የያዘው ወታደር የበር ጠባቂ አይደለም። በሩ ላይ ያለው ልጅ መኪና ነድቶ አያውቅም፣ ሚስትም የለውም፣ መጥታችሁ ብትመረምሩት በከንቱ ትደክማላችሁ። ያኛው የት እንደሚሠራ፣ በየት በኩል እንዳነጋገረኝ አልናገርም። ሻለቃው ማንበብ ይችላላ።